በሁለት ቢላዋ የሚበሉ ኩባንያዎች፦ የዲጂታል ቅጂ መብት ተረትና እውነታ

በ2004 የአሜሪካ የፊልም ስቱዲዮዎች ማኅበር በየሲኒማ ቤቱና በየዲቪዲው መግቢያ ላይ የሚታይ አንድ ማስታወቂያ አወጣ። የሚጣደፍ ሙዚቃ፣ የሚንቀጠቀጥ ካሜራና ሻካራ ፊደላት ነበሩት። መልእክቱም መኪና የማይሰርቅ፣ ቦርሳ የማይነጥቅ ሰው ፊልምም ከኢንተርኔት በሕገ-ወጥ መንገድ ማውረድ የለበትም የሚል ነበር። በብዙ ዲቪዲዎች ላይ ማስታወቂያውን ዘልሎ ማለፍ አይቻልም ነበር። ስለዚህ ተግሣጹን በግድ የሰሙት ከሱቅ ከፍለው የገዙት ደንበኞች ናቸው፤ በነፃ ያወረደው ሰው የሚደርሰው ቅጂ ማስታወቂያው ተቆርጦ የወጣለት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ከአንድ የአዋጅ ቁጥር በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት አልፏል። ክርክሩ ግን አሁንም የሚካሄደው ማስታወቂያው ባዘጋጀው መድረክ ላይ ነው፤ በአንድ ወገን ታማኝ ባለመብት ኩባንያ፣ በሌላ ወገን ሌባ ተጠቃሚ። የፍርድ ቤት መዛግብት የሚናገሩት ሌላ ነው። ከሳሾቹ ራሳቸው ያለ ፈቃድ ሲቀዱ፣ የእነሱ ባልሆነ መብት ገንዘብ ሲሰበስቡ፣ ለደራሲው የሚገባውን ሲያስቀሩ በተደጋጋሚ ተይዘዋል። ኩባንያዎቹን የሚተቹ ሰዎችም በበኩላቸው ያልተጣራ ወሬ ያባዛሉ። መጀመር የሚሻለው ከዚህ ከሁለተኛው ነው።

ተረት፦ የዚያ ማስታወቂያ ሙዚቃ ራሱ የተሰረቀ ነበር

ወሬው ለዓመታት ሲዞር ኖሯል፤ ግማሹ እውነት ነው። ሜልኪዮር ሪትቬልት የተባለ የኔዘርላንድስ የዜማ ደራሲ በ2006 ለአንድ የጸረ-ፓይረሲ ማስታወቂያ ሙዚቃ ሠራ። የተስማማው በአገሩ በሚካሄድ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ብቻ እንዲሰማ ነበር። በ2007 የገዛውን የሃሪ ፖተር ዲቪዲ ሲከፍት የራሱን ዜማ ሰማ። ሳይጠየቅና ሳይከፈለው በሌሎች በርካታ ዲቪዲዎችም ላይ ወጥቶ ይሸጥ ነበር። ገንዘቡን ያስከብርልኛል ብሎ የሄደበት ቡማ ስቴምራ የተባለው የሮያሊቲ ሰብሳቢ ድርጅትም ለዓመታት አመላለሰው፤ በ2012 የአምስተርዳም ፍርድ ቤት ድርጅቱ ላይ ፈርዶ ቅጣት ጣለበት።

ውሸቱ ያለው ማስታወቂያው ላይ ነው። ሪትቬልት ሙዚቃውን የሠራው ለኔዘርላንድስ ማስታወቂያ እንጂ መኪናና ቦርሳ ለሚጠቅሰው፣ ዓለም ለሚያውቀው ማስታወቂያ አይደለም። ሁለቱን ታሪኮች ያዋሃዳቸው ወሬ ነው።

ስለ ታዋቂው ማስታወቂያ በእርግጥ የተገኘው ነገር ፊደሉን የሚመለከት ነው። በ2025 የዘመቻውን የቆዩ ሰነዶች የመረመሩ ሰዎች ፊደሉ ኤክስባንድ ራፍ የሚባል መሆኑን አገኙ፤ ይህም የኔዘርላንድሱ ንድፍ ባለሙያ ዩስት ፋን ሮሱም የሠራው የኤፍኤፍ ኮንፊደንሻል ፊደል ያለ ፈቃድ የተሠራ ቅጂ ነው። በአሜሪካ ሕግ የፊደል ቅርጽ በቅጂ መብት የሚጠበቅ አይደለም፤ የሚጠበቀው ፊደሉን የያዘው ሶፍትዌር ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ወንጀል ሠርቷል ማለት አይቻልም፤ የሌላ ሰው ድካም ግልባጭ ይዞ ስለ ስርቆት ሰብኳል ማለት ግን ይቻላል። ልዩነቱን መጠበቅ ይገባል፤ ያልተጣራ ክስ ለኩባንያዎቹ የማምለጫ በር ይከፍትላቸዋልና።

ተረት፦ ትልልቆቹ ኩባንያዎች የሚከራከሩት ለመርሕ ነው

መርሕ ቢሆን ኖሮ ኩባንያው ሌላ ኩባንያ ሲገዛ አይለወጥም ነበር። የሶኒ ታሪክ ከዚህ አንጻር ጠለቅ ብሎ መታየት አለበት።

በ1976 ዩኒቨርሳልና ዲዝኒ ሶኒን ከሰሱ። ምክንያቱ ቤታማክስ የተባለው የቪዲዮ መቅጃው ነበር። ሰው ቤቱ ሆኖ የቴሌቪዥን ፊልም ቢቀዳ የቅጂ መብት ይጥሳል፣ መሣሪያውን የሠራውም ተጠያቂ ነው አሉ። በ1982 የስቱዲዮዎቹ ማኅበር መሪ ጃክ ቫለንቲ በአሜሪካ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ የቪዲዮ መቅጃን ብቻዋን ቤት የቀረችን ሴት ከሚያንቅ ነፍሰ ገዳይ ጋር አመሳሰለው። ሶኒ ደግሞ ሕዝቡ የመቅዳት ነፃነት አለው ብሎ ተሟገተ። በ1984 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ለሶኒ ፈረደ። ይገድለናል የተባለው የቪዲዮ ካሴት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለስቱዲዮዎቹ ከሲኒማ ቤት መግቢያ የበለጠ ገቢ አመጣላቸው።

ከዚያ ሶኒ በ1988 ሲቢኤስ ሬከርድስን፣ በ1989 ኮሎምቢያ ፒክቸርስን ገዛ። መሣሪያ ሻጩ የዘፈንና የፊልም ባለቤት ሆነ፤ ስለ መቅዳት ያለው አቋምም አብሮ ዞረ። ዙሩ የት እንዳደረሰው በ2005 መጨረሻ ታየ። ሶኒ ቢኤምጂ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ሲዲዎች ላይ ኤክስሲፒ የሚባል ሶፍትዌር ደብቆ ሸጦ ነበር። አንድ ሰው በገንዘቡ የገዛውን ሲዲ ኮምፒውተሩ ላይ ሲያጫውት ሶፍትዌሩ ራሱን ይጭናል፣ ራሱንም ይሰውራል። የኮምፒውተር ባለሙያዎች ይህን ዓይነቱን ሩትኪት ይሉታል፤ በተለምዶ የቫይረስ ሠሪዎች መሣሪያ ነው። ጉዳዩን ያጋለጠው ማርክ ሩሲኖቪች የተባለ ባለሙያ የራሱን ማሽን ሲፈትሽ ነው ያገኘው። ብዙ ሳይቆይ የቫይረስ ሠሪዎች በተከፈተላቸው ቀዳዳ መግባት ጀመሩ። በእጅ ለማጥፋት የሞከረ ሰው የሲዲ ማጫወቻው ሥራ ያቆምበታል። ኩባንያው ማጥፊያ ነው ብሎ ያቀረበው ፕሮግራም ደግሞ ሌላ የደኅንነት ቀዳዳ እንደሚከፍት የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አረጋገጡ።

ከሁሉ የሚብሰው ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው ነበር። መቅዳትን ለመከልከል የተሠራው ኤክስሲፒ ራሱ ነፃ ሶፍትዌር ከሚያዘጋጁ ሰዎች ሥራ የተወሰዱ ክፍሎች ተገኙበት፤ የፈቃድ ውላቸው ግን አልተከበረም። ከእነዚህ ጸሐፊዎች አንዱ የኖርዌዩ ዮን ሌክ ዮሃንሰን ነው። ዮሃንሰን ማለት የዲቪዲ ቁልፍ በመፍታቱ በሆሊውድ አቤቱታ በአገሩ ለወንጀል ችሎት ቀርቦ በ2003 በነፃ የተሰናበተው ወጣት ነው። የመዝናኛው ኢንዱስትሪ ሊያሳስረው የፈለገውን ሰው ሥራ፣ ከኢንዱስትሪው ግንባር ቀደም ኩባንያዎች አንዱ ያለ ፈቃድ በሲዲው ላይ ሸጦታል።

የስቱዲዮዎቹ ማኅበርም ከዚህ አይነጻም። በ2005 ኪርቢ ዲክ የተባለ ዳይሬክተር ስለ ማኅበሩ የፊልም ደረጃ አሰጣጥ የሠራውን ዘጋቢ ፊልም ለደረጃ አቀረበ። ማኅበሩ ፊልሙን ያለ ዳይሬክተሩ ፈቃድ ቀዳው፤ ሲጠየቅም መቅዳቱን አመነ። በ2007 ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን እንዲከታተሉበት ያከፋፈለው ሶፍትዌር የተሠራው በነፃ ሶፍትዌር ላይ ሆኖ ሳለ የፈቃዱን ግዴታ ሳይፈጽም ቀረ። ከሶፍትዌሩ ደራሲዎች አንዱ የቅጂ መብት አቤቱታ ሲያቀርብ ከኢንተርኔት ወረደ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ ነው።

ተረት፦ መብቱ የኔ ነው ብሎ የመጣ ሁሉ ባለመብት ነው

በየልደቱ የሚዘፈነውን ሃፒ በርዝደይ የማያውቅ የለም። ዜማው የመጣው በ1893 ሁለት የኬንተኪ እህትማማቾች፣ ፓቲና ሚልድረድ ሂል፣ ለሕፃናት ካሳተሙት መዝሙር ነው። ዋርነር ቻፔል የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ግን መብቱ የእኔ ነው እያለ ከፊልም ሠሪዎችና ከቴሌቪዥን ጣቢያዎች በዓመት ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ይሰበስብ ነበር። ስለ መዝሙሩ ታሪክ ዘጋቢ ፊልም የምትሠራ አንዲት ባለሙያ 1,500 ዶላር ስትጠየቅ ከፍላ በ2013 ክስ መሠረተች። በክርክሩ መካከል ግጥሙ ያለ ቅጂ መብት ምልክት የታተመበት የ1922 መዝሙር መጽሐፍ ተገኘ። በ2015 ፌዴራል ዳኛው ኩባንያው በግጥሙ ላይ ሕጋዊ መብት እንዳልነበረው ወሰኑ። ዋርነር ቻፔል በ2016 ከዚህ በፊት ለከፈሉ ሰዎች 14 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ ተስማማ።

የሕዝብ የሆነውን አጥሮ መሸጥ ቅጣት የሚያስከትልበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ካሮል ሃይስሚዝ የተባሉት አሜሪካዊት ፎቶ አንሺ በሺዎች የሚቆጠሩ ሥራዎቻቸውን ሕዝብ በነፃ እንዲጠቀምባቸው ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሰጡ። ከዚያ ከጌቲ ኢሜጅስ ጋር ግንኙነት ያለው አንድ ድርጅት፣ በራሳቸው ፎቶ የራሳቸው ድርጅት ስለተጠቀመ 120 ዶላር ይክፈሉ የሚል ደብዳቤ ላከላቸው። ጌቲም ፎቶዎቻቸውን እየሸጠ እንደነበር አወቁ። በ2016 ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱ ግን የቅጂ መብት ክሳቸውን ዘጋው፤ መብቱን ለሕዝብ ስለሰጡት ከእንግዲህ የሚያስከብሩት ነገር አልነበራቸውም። ሕጉ የግል ንብረትን የወሰደውን ለመቅጣት ስለታም ነው፤ የጋራውን ለወሰደው ግን ዶልዱሟል።

በኢንተርኔት ላይ ደግሞ መጀመሪያ አቤት ያለ ያሸንፋል። በነሐሴ 2012 ናሳ ኪዩሪዮሲቲ የተባለችውን መንኮራኩር ማርስ ላይ ሲያሳርፍ የለቀቀው የራሱ ቪዲዮ በአንድ የዜና ድርጅት አቤቱታ ከዩቲዩብ ለጊዜው ወርዶ ነበር። በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የተሠራ፣ የማንም የግል መብት የሌለበት ቪዲዮ ነው። በ2007 የሙዚቃ ኩባንያው ዩኒቨርሳል አንድ ሕፃን የፕሪንስ ዘፈን እየሰማ የሚወዛወዝበትን 29 ሴኮንድ ቪዲዮ አስወረደ፤ እናቲቱ ተከራክራ በ2015 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ኩባንያዎች ከማስወረዳቸው በፊት ፍትሐዊ አጠቃቀም፣ ማለትም ሕጉ ያለ ፈቃድም የሚፈቅደው ዓይነት አጠቃቀም፣ መሆኑን ማገናዘብ አለባቸው አለ። ለ29 ሴኮንድ ስምንት ዓመት።

ተረት፦ ሕጉ ለትልቁም ለትንሹም አንድ ነው

የአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር ከ2003 እስከ 2008 ባሉት ዓመታት ከ30,000 በላይ ሰዎች ላይ ክስ ወይም የክስ ማስጠንቀቂያ ልኳል። አብዛኞቹ ጥቂት ሺህ ዶላር ከፍለው ተገላገሉ። አንዲት የሚኒሶታ እናት ግን አልከፍልም ብላ ችሎት ቀረበች። ጉዳዩ 24 ዘፈኖች ነበሩ። በ2007 በተሰጠው ብይን 222,000 ዶላር እንድትከፍል ተወሰነ፤ በ2009 ችሎቱ እንደገና ሲታይ ወደ 1.92 ሚሊዮን ዶላር ወጣ፤ በ2012 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ወደ መጀመሪያው 222,000 መለሰው። ለአንድ ዘፈን 9,250 ዶላር መሆኑ ነው።

የሶኒ ቢኤምጂ ሶፍትዌር ኮምፒውተራቸውን ያበላሸባቸው ሰዎችስ? በ2007 ኩባንያው ከአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር ባደረገው ስምምነት ለአንድ ሰው የሚከፍለው የጥገና ወጪ ከ150 ዶላር እንዳይበልጥ ተወሰነ።

ድንበር ተሻግሮ ካናዳ ያለው ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ያስቆጣል። የአራቱ ታላላቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች፣ የዋርነር፣ የሶኒ ቢኤምጂ፣ የኢኤምአይና የዩኒቨርሳል የካናዳ ቅርንጫፎች፣ ዘፈን መርጠው በስብስብ ሲዲ ላይ አውጥተው ይሸጣሉ፤ የደራሲውን ፈቃድና ክፍያ ግን በኋላ እናደርሳለን ብለው ስሙን በመዝገብ ያቆዩታል። መዝገቡ ከ1980ዎቹ ጀምሮ እያበጠ ወደ 300,000 ሥራ ደረሰ። አሥርት ዓመታት ያለፉባቸው፣ ባለቤታቸው ያልታወቀም በቀላሉ ሊታወቅ የሚችልም ነበሩበት። በ2008 የታዋቂው የጃዝ ተጫዋች የቼት ቤከር ወራሾች ከሌሎች ጋር ሆነው ከሰሱ። የካናዳ ሕግ በአንድ ጥሰት እስከ 20,000 ዶላር ካሣ ይፈቅድ ነበር፤ ኩባንያዎቹ ግለሰቦች ላይ የሚጠይቁት ዓይነት ስሌት እነሱ ላይ ቢሠራ 6 ቢሊዮን ዶላር ይመጣ ነበር። በ2011 ጉዳዩ ወደ 50 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር በሚጠጋ ክፍያ በስምምነት አለቀ። ሲካፈል ለአንድ ሥራ 170 ዶላር እንኳ አይሞላም።

የሁለቱ አገር ሕግ የተለያየ ነው፤ ስምምነትና ፍርድም አንድ አይደሉም። ይህ ሁሉ ታስቦም ቢሆን፣ እቤቷ ሆና ያወረደች እናት ለአንድ ዘፈን 9,250፣ እየሸጡ ያተረፉ ኩባንያዎች ከ170 በታች የሚከፍሉበት ሥርዓት ፍትሐዊ ነው ሊባል አይችልም።

ተረት፦ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የነፃ እውቀት ወገን ናቸው

ብዙ ወጣቶች ሆሊውድን ሲጠሉ ሲሊከን ቫሊን በተቃራኒው ቆሞ የሚሟገትላቸው አድርገው ያዩታል። በ2007 ቫያኮም በዩቲዩብ ባለቤት በጉግል ላይ የ1 ቢሊዮን ዶላር ክስ ሲመሠርት ሁለቱም ወገን ጓዳው ተገልጦ ነበር። ዩቲዩብ ለፍርድ ቤት እንዳስረዳው፣ ቫያኮም በአንድ እጁ እየከሰሰ በሌላው ቢያንስ 18 የማስታወቂያ ድርጅቶችን ቀጥሮ የራሱን ቪዲዮዎች በስውር ያስጭን ነበር፤ የተሰረቁ እንዲመስሉ ጥራታቸው ሆን ተብሎ ይበላሽ ነበር፤ ሠራተኞቹም እንዳይታወቁ ከሕዝብ ኮምፒውተር ቤት ሄደው ይጭኑ ነበር። ቫያኮምም በተራው የዩቲዩብ መሥራቾች የተጻጻፉትን ኢሜይል አቀረበ፤ ያለ ፈቃድ የተጫኑ ቪዲዮዎች ተመልካች እንደሚያመጡላቸው እያወቁ ዝም ማለታቸውን የሚያሳይ። ጉዳዩ በ2014 በስምምነት ተዘጋ። ቪዲዮዎቹን የጻፉ፣ የተወኑና ያቀናበሩ ሰዎች በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘመን ሲመጣ ገበናው በሙሉ ወጣ። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች የሚሠለጥኑት እጅግ ብዙ ጽሑፍ በማንበብ ነው፤ ጥሩ ጽሑፍ ያለው መጻሕፍት ውስጥ ነው። በ2025 ይፋ የሆኑ የፍርድ ቤት ሰነዶች እንዳሳዩት፣ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በአሥሮች ቴራባይት የሚቆጠር መጽሐፍ ሕገ-ወጥ ከሆኑ የመጻሕፍት ክምችቶች በቶረንት አወረደ። ቶረንት ማለት ያች የሚኒሶታ እናት እንደተከሰሰችበት ዘዴ ሁሉ ተጠቃሚዎች ፋይል እርስ በርስ የሚጋሩበት ቴክኖሎጂ ነው። የኩባንያው ሠራተኞች ራሳቸው በድርጅቱ ኮምፒውተር እንዲህ ማድረጉ ልክ እንዳልመሰላቸው ተጻጽፈዋል። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያም ከ7 ሚሊዮን በላይ የመጽሐፍ ቅጂ ከእንደዚህ ያሉ ክምችቶች አውርዶ ነበር።

እዚህም ላይ ተረቱን ከእውነታው መለየት ያስፈልጋል። ፍርድ ቤቶቹ ሥልጠናው በራሱ ስርቆት ነው አላሉም። በሰኔ 2025 ዳኛ ዊልያም አልሰፕ በአንትሮፒክ ጉዳይ መጻሕፍትን ለሥልጠና መጠቀም ፍትሐዊ አጠቃቀም ነው፣ ገዝቶ ስካን ማድረግም እንዲሁ፣ ከሕገ-ወጥ ክምችት አውርዶ ቤተ መጻሕፍት መገንባት ግን አይደለም ብለው ወሰኑ። አንትሮፒክ በዚያው ዓመት 1.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ 500,000 ገደማ ለሚሆኑ መጻሕፍት ለእያንዳንዱ ወደ 3,000 ዶላር። በሜታ ጉዳይ የተሰየሙት ዳኛ ለኩባንያው ፈረዱ፤ ሆኖም ከሳሾቹ ያቀረቡት ክርክር ደካማ ስለነበር እንጂ ድርጊቱ ሕጋዊ ነው ማለታቸው እንዳልሆነ በውሳኔው ላይ ጽፈዋል።

ኦፕንኤአይ ደግሞ በእንግሊዝ ፓርላማ ለሎርዶች ምክር ቤት በሰጠው አስተያየት፣ በቅጂ መብት የተጠበቁ ሥራዎችን ሳይጠቀሙ የዛሬዎቹን ፕሮግራሞች ማሠልጠን አይቻልም አለ። ኒው ዮርክ ታይምስ በታኅሣሥ 2023 ላቀረበበት ክስም መከላከያው ፍትሐዊ አጠቃቀም የሚለው ነው። በጥር 2025 ግን የቻይናው ዲፕሲክ ርካሽ ፕሮግራም ይዞ ብቅ ሲል፣ ያው ኦፕንኤአይ ያለ ፈቃዴ ከፕሮግራሜ መልስ ተምሯል ብሎ አቤት አለ። የአገልግሎት ውሉም ደንበኞች የፕሮግራሙን መልስ ተወዳዳሪ ለመሥራት እንዳይጠቀሙበት ይከለክላል። የዓለምን ጽሑፍ ያለ ፈቃድ አንብቦ የራስን መልስ ማጠር በሁለት ቢላዋ መብላት ነው።

ተረት፦ እነሱ ግብዞች ከሆኑ የቅጂ መብት ራሱ ከንቱ ነው

ከተረቶቹ ሁሉ አደገኛው ይህ ነው፤ ቁጣን ተገን አድርጎ የሚመጣ ስለሆነ ለማመን ይቀላል።

በጥር 2010 ሄይቲ በርዕደ መሬት ስትፈርስ ፎቶ አንሺው ዳንኤል ሞሬል ፖርቶ ፕሪንስ ነበር። ያነሳቸውን ፎቶዎች በትዊተር ለቀቀ። ሌላ ሰው የራሴ ናቸው ብሎ መልሶ ለጠፋቸው፤ የፈረንሳዩ ዜና ወኪል ኤኤፍፒ ወስዶ በዚያ ሰው ስም ለጌቲ አስተላለፈ፤ በዓለም ዙሪያ ታተሙ። ሞሬል አቤት ሲል ኤኤፍፒ መልሶ እሱኑ ከሰሰው፤ ትዊተር ላይ የወጣን ፎቶ መጠቀም ይቻላል በሚል። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ። ሞሬል ግን በቅጂ መብት ሕግ ተሟገተ፤ በኅዳር 2013 የኒው ዮርክ ችሎት ኤኤፍፒና ጌቲ 1.2 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉት ወሰነ። ሕጉ ባይኖር ኖሮ በእጁ ምንም አልነበረም።

የደቡብ አፍሪካው ሰለሞን ሊንዳ ታሪክ ከዚህ ይረዝማል። ሊንዳ በጆሃንስበርግ ጋሎ በተባለ የሸክላ ኩባንያ ዕቃ አሻጊ ነበር። በ1939 ከጓደኞቹ ጋር "ምቡቤ" የተባለውን ዜማ ቀዳ፤ በዙሉ ቋንቋ አንበሳ ማለት ነው። መብቱን በ10 ሽልንግ ሸጠ። ዜማው አሜሪካ ተሻግሮ በ1961 "ዘ ላየን ስሊፕስ ቱናይት" በሚል ስም አንደኛ ሆነ። ሊንዳ በቀጣዩ ዓመት በድህነት ሞተ፤ መቃብሩ ለዓመታት የድንጋይ ምልክት እንኳ አልነበረውም። በ1994 ዜማው በዲዝኒ "ላየን ኪንግ" ውስጥ ገባ። የደቡብ አፍሪካው ጋዜጠኛ ሪያን ማላን በ2000 ባሳተመው ጽሑፍ ከፊልሙና ከቲያትሩ አጠቃቀም ብቻ 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደተገኘ ገመተ። የሊንዳ ሴት ልጆች በዚያን ጊዜ በሶዌቶ በችግር ይኖሩ ነበር።

ዲዝኒ በዚያው ዘመን ምን ያደርግ ነበር? በ1998 የአሜሪካ ኮንግረስ የቅጂ መብት ዘመንን በ20 ዓመት እንዲያራዝም ከገፋፉት ኩባንያዎች አንዱ ነበር፤ ከዚያ ያገኘው ትልቅ ጥቅም የመጀመሪያው ሚኪ ማውስ እስከ 2024 የሕዝብ ሀብት ሳይሆን መቆየቱ ነው። ስኖው ዋይትን፣ ሲንደሬላንና ፒኖኪዮን የሠራው ግን የሕዝብ ሀብት ከሆኑ ተረቶች ወስዶ ነው።

የሊንዳን ልጆች ያዳናቸው የቅጂ መብት ሕግ ነው። ኦወን ዲን የተባሉ የደቡብ አፍሪካ የሕግ ባለሙያ በ1911 የወጣ የእንግሊዝ ግዛቶች ሕግ አገኙ፤ ደራሲው ከሞተ 25 ዓመት ሲሞላ የተሸጠው መብት ለወራሾቹ ይመለሳል ይላል። ሕጉ የተጻፈው ደራሲው በቸገረው ሰዓት በርካሽ የሸጠውን ለቤተሰቡ ለመመለስ ነው። በ2004 ጠበቆቹ ዲዝኒን ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱም ሚኪ ማውስን ጨምሮ የኩባንያውን የደቡብ አፍሪካ የንግድ ምልክቶች በዕግድ ያዘ። በየካቲት 2006 የዜማውን መብት ይዞ የነበረው የአሜሪካ አሳታሚ ከቤተሰቡ ጋር ተስማማ። ያለፈው ተከፈለ፤ ሊንዳም የዜማው ተባባሪ ደራሲ ሆኖ ታወቀ፤ ከሞተ ከ43 ዓመት በኋላ።

ኩባንያዎቹ ባያከብሩት እንኳ ሕጉ የደራሲው መጠጊያ ሆኖ ይቆያል። ፊልም በነፃ የሚያወርድ ሰውም ሶኒን የቀጣሁ ቢመስለው በዚያው ልማድ የሚጎዳው ያለ ኩባንያ የሚሠራውን ነው፤ ትልቁ ጠበቃ አለው፣ ትንሹ ያለው ቅጂውን መሸጥ ብቻ ነው።

ይህ የኢትዮጵያንም ዘፋኝና ደራሲ በቀጥታ ይመለከታል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት የሚቆይ መብት ይሰጣል፤ ከአልበም አሳታሚ ወይም ከዩቲዩብ ቻናል ባለቤት ጋር በአንድ ፊርማ የሚያልፈውም ይኸው መብት ነው። ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ መብቱ የሚተላለፈው ለስንት ዓመት ነው? ኢንተርኔትንና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥልጠናን ይጨምራል? የገቢው ሒሳብ በየስንት ጊዜው፣ በጽሑፍ፣ ለማን ይደርሳል? መልሱ በውሉ ላይ ካልሰፈረ አይፈረም።